«ቀለል ያለ ማውስ ግዛ» አልኩት፤ እጁ ግን አልዳነም



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ማውስ ነው። «ዶክተሩ ደግሞ ምን ነካው፣ ዕቃ መሸጥ ጀመረ እንዴ?» እንዳትሉኝ። አልጀመርኩም። በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል «ዶክተር፣ ማውስ ስይዝ እጄን ያመኛል፣ የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?» የሚለው እየበዛ ስለመጣ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ለአንድ ልጅ መልስ ሰጥቼ ነበር። መልሴ ስህተት ነበር። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም።

የምሠራው አቀስታ ነው። ለማታውቋት፣ አቀስታ የደቡብ ወሎዋ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ ተነስታችሁ ወደ መካነ ሰላም ስትሄዱ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። ደጋ ናት፣ ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሰው እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ነው ሰላም የሚባባለው። ብርዱን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ሲቪ ያዘጋጃል፣ ጉርድ ፎቶ ቆርጦ ያስተካክላል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ካውንተር ስትራይክ 1.6 ይጫወታል። ይቺ ጌም የቆየች ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣች፤ ግን ያለ ኢንተርኔት ስለምትሠራና ደካማ ኮምፒውተርም ስለሚችላት እስከዛሬ አልሞተችም። እኔም ተማሪ እያለሁ ዶርም ውስጥ ስንት ሌሊት አሳልፌባታለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድበትም።

ወደ እኔ ያመጣው የሌሊቱ ነገር ነው። «ዶክተር፣ ሌሊት ቀኝ እጄ የእኔ አይመስለኝም። ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል። ተነስቼ ሳራግፈው ነው የሚመለስልኝ» አለኝ። አውራ ጣቱን፣ አመልካች ጣቱንና መሃል ጣቱን ውርር ያደርገዋል። ትንሿ ጣቱ ግን ደህና ናት። ለሐኪም ይቺ «ትንሿ ጣት ደህና ናት» የምትለው ነገር ትልቅ ፍንጭ ናት፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶታል፣ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ውጧል፣ የቫይታሚን መርፌም ተወግቷል። የሱቁ ባለቤት «እንዲህ እየዘገየህ ከሆነማ ሌላ ሰው ልፈልግ ነው» ብሎታል። ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በእሱ ደመወዝ ነው።

ምን ዓይነት ማውስ እንደሚጠቀም ጠየቅሁት። አሮጌ ባለ ገመድ ነው፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ። ያን ቀን በር ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። «በል ይሄን ጣለውና ቀለል ያለ ዋየርለስ ማውስ ግዛ፣ አብሽር ይተውሃል» ብዬ ሸኘሁትና ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

እሱ ግን ቃሌን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ነው የወሰደው። ዩቲዩብ ላይ ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ ሳውዲ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህቱን «ሐኪም አዞልኝ ነው» አላት። እሷም 60 ግራም ገደማ የሚመዝን የጌም ማውስ ገዝታ በሰው ላከችለት። ዋጋው ከእሱ የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመልሶ መጣ። ብሶበታል። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ወድቋል፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ እያቃተው ነው። አውራ ጣቱን ወደ ላይ እንዲያነሳ አድርጌ ስጫነው ከግራው ይደክማል። «ዶክተር፣ የታዘዝኩትን ገዝቻለሁ እኮ» ሲለኝ ምን ልበለው?

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ሱቁ ሄጄ ሲሠራ ቆሜ አየሁት።

ጥሩው ወንበር ለደንበኛ ነው፣ እሱ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በቀኙ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተገትሯል፤ ማውሱ የሚላወስባት ቦታ አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። ጠረጴዛው ላይ መስታወት ተነጥፏል፣ ከመስታወቱ ሥር የፎቶ ናሙናዎች ተደርድረዋል። ማውሱ መስታወት ላይ ስለሚዘልበት አንዲት ወረቀት አንጥፎበታል፤ ወረቀቷ ስትንሸራተት በትንሿ ጣቱ ይመልሳታል። ክንዱ አየር ላይ ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር የሚገናኘው አንጓው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ላይ ተቀልብሶ። ይህ ሁሉ በዚያ ብርድ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ማውሱማ እውነትም ላባ ነው፣ ያዝ አድርጌ አየሁት። ልጁ ግን እንዳያመልጠው በሦስት ጣቱ ጫፍ ቆንጥጦ ይዞታል።

አሁን ወደ አንጓችን እንግባ። መዳፍና ክንድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው አጥንት ነው፣ ጣሪያው እንደ ቀበቶ የተወጠረ ጠንካራ ማሰሪያ። በዚች ጠባብ በር ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባል 1 ነርቭ ያልፋሉ። በሥራ መውጫ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን ሰው አስቡት፤ ነርቩ ያ ሰው ነው። ጅማቶቹ ሲያብጡ ወይም አንጓው ሲቀለበስ መጨነቅ ያለበት እሱ ነው። ይህ ነርቭ አውራ ጣትን፣ አመልካች ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው የሚያገለግለው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት፣ በሌላ በር ነው የምትገባው። ለዚህ ነው «ትንሿ ጣቴ ደህና ናት» ሲለኝ ጆሮዬ መቆም የነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ማውስ ሲጠቀሙ በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ያለውን ግፊት በቀጥታ ለክቷል። መለኪያው ደም ግፊት የምንለካበት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። እጅ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ 5 አካባቢ የነበረው ግፊት፣ እጅ ማውስ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከ15 አለፈ፤ ክሊክ እንደተጫኑ አንድን ነገር ሲጎትቱ፣ ማለትም ድራግ ሲያደርጉ፣ 30 አካባቢ ደረሰ። 30 ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየት ነርቭን ማወክ የሚጀምርበት መጠን ነው። ቅርጻቸው የተለያየ ማውሶችም ተሞክረው ነበር። በማውሶቹ መካከል የታየው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም፤ ልዩነቱን ያመጣው እጅ የሚሠራው ሥራ ነው።

እንግዲህ የኛን ልጅ ሥራ አስቡት። ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ምንድን ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ድራግ ነው። ማታ ካውንተር ስትራይክ ሲጫወት ደግሞ ያው ጣት እንደተጫነ ነው። 100 ግራሙን ወደ 60 ብናወርደው የመጫንና የመጎተቱ ነገር የትም አልሄደም።

ሳልነግራችሁ ማለፍ የሌለብኝ ነገር አለ። ማውስ ብቻውን ካርፓል ተነል ያመጣል በሚለው ላይ ጥናቶች አይስማሙም። እኔ ጋ በዚህ ሕመም ከሚመጡት ብዙዎቹ ማውስ ነክተው የማያውቁ ናቸው፦ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ታማሚዎች፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው፣ የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ የቀነሰባቸው። በደጋው እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ አንገት ሳላይ ማንንም አልሸኝም። የዚህን ልጅ ስኳሩንም አየሁ፣ አንገቱንም ዳሰስኩ፤ ደህና ነው።

ታዲያ ቀላል ዋየርለስ ማውስ ጥቅም የለውም? አለው፣ ግን ለሚጠቅመው ሰው ነው። በጌም ውስጥ ስፒዱን ዝቅ አድርገው የሚጫወቱ ልጆች ማውሱን በሰፊ ምንጣፍ ላይ በሙሉ ክንዳቸው ይገፉታል፣ ጫፍ ሲደርስ አንስተው ይመልሱታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ማንሳት፣ ማስጀመርና ማቆም ማለት ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። የገመድ አለመኖርም እንዲሁ፤ ገመድ ጠርዝ ላይ ሲያዝ እጅ ሳይታወቀው ይታገለዋል። ማውሱን ሳያነሳ ጠረጴዛ ላይ ለሚያንሸራትት ጸሐፊ ወይም አካውንታንት ግን ከክብደቱ ይልቅ ከሥሩ ያሉት ማንሸራተቻዎች ንጽሕናና የክሊኩ ልስላሴ ይበልጥበታል። ማውሳችሁን ገልብጡና እዩት፤ ያ ጥቁር እድፍ በጥፍር ሲነሳ ማውሱ አዲስ ይሆናል። ነጻ ሕክምና ነው።

የምትገዙ ከሆነ ግን ጥቂት ነገር ልበል። አሁን ገበያ ላይ ቀላል የሚባለው ከ80 ግራም በታች ያለው ነው። ከታዋቂዎቹ የሎጂቴክ ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ከ63 ግራም በታች ነበር፣ በ2023 የመጣው ሁለተኛው 60 ግራም ነው። የሬዘር ቫይፐር ቪ2 ፕሮ 58 ግራም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከወረደ በኋላ እነዚህን መግዛት ቀልድ አይደለም። ከእነሱ ዝቅ የሚለው ሎጂቴክ ጂ305 (ጂ304 የሚል ከመጣላችሁም ያው ነው) ከድንጋዩ ጋር 99 ግራም ይመዝናል። አንዲት ዘዴ ላሳያችሁ፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው የደብል ኤ ድንጋዩ ነው። ትንሿን ትሪፕል ኤ ድንጋይ በማስማሚያ ብታስገቡለት 10 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል፣ ያን ቻሉት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ባለ ድንጋዩ ከባለ ቻርጁ የሚሻልበት ቀን ብዙ ነው፤ ድንጋይ የማይሸጥ ሱቅ የለም።

እንደ ማር እንጀራ የተበሳሱ ቀፎ ያላቸውም አሉ፣ ክብደት ለመቀነስ ነው። አቧራ ላለበት ሱቅ አልመክራቸውም።

ከክብደቱ በፊት መጠኑን እዩ። ከአንጓችሁ መታጠፊያ እስከ መሃል ጣታችሁ ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። ጌመሮች እንደ ግምት የሚጠቀሙበት የማውሱ ርዝመት ከዚህ 60 በመቶ አካባቢ ቢሆን የሚል ነው፤ እጃችሁ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሱፐርላይት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የኛ ልጅ እጁ ትንሽ ስለሆነ መዳፉ ማውሱ ላይ አላረፈም፣ ለዚህ ነው በጣቱ ጫፍ የሚቆነጥጠው። ከቻላችሁ ሳትይዙት አትግዙ። ደሴ ፒያሳም ሆነ አዲስ አበባ መገናኛ «እስቲ ልያዘው» ብትሉ ማንም አይከለክላችሁም። ያዙትና አውራ ጣታችሁ ምን ያህል እንደሚጫን ልብ በሉ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ቅርጽ ያለው ካገኛችሁ ደግሞ በግራ እጅም ይሠራል፣ ይሄ ለታመመ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ዋየርለስ ከሆነ ከብሉቱዙ ይልቅ በትንሿ ዩኤስቢ የሚገናኘው ይፈጥናል። ዩኤስቢዋን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀብራችሁ፣ በተለይ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አጠገብ ከሆነች፣ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል። በማራዘሚያ ገመድ ወደ ፊት አምጧት። ይህን የምለው በሕክምና ምክንያት ነው፤ ቀስቱ አልታዘዝ ሲለው ሰው ማውሱን አጥብቆ ይይዛል፣ ራሳችሁን ታዘቡ።

አሁን ስፒዱ። ዲፒአይ የሚሉት ማውሱን አንድ ኢንች ስትገፉ ቀስቱ ስንት ነጥብ እንደሚሄድ ነው። በተለመደው 1920 ነጥብ ስፋት ባለው ስክሪን፣ ዲፒአዩ 400 ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ማውሱን 12 ሴንቲ ሜትር መግፋት አለባችሁ። በ800 ወደ 6፣ በ1600 ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የኛ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያያቸው ፕሮፌሽናሎች 400 ስለሚጠቀሙ እሱም 400 አድርጎታል። እነሱ ግማሽ ሜትር ምንጣፍ አላቸው፣ እሱ አንድ ስንዝር! ቦታ ሲያልቅበት አንጓውን ነው የሚያጥፈው። ለሥራ 1600 አደረግንለት። ጌሙ ውስጥም ከፍ አደረገው፣ እያጉረመረመ ቢሆንም።

ከዚያ የሚከፈልበት አንድም ነገር ሳንገዛ ሱቁን ነካካነው። ዱካው ተነስቶ የደንበኛው ወንበር ለእሱ ሆነ፣ ላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፤ ክርኑ ከጠረጴዛው ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አልን። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወደ ግራ ዞረ። መስታወቱ ላይ የደብተር ካርቶን በፕላስተር ለጠፍን፣ ማውሱ መዝለል አቆመ። ጋቢ አጣጥፈን ጠርዙ ላይ ለክንዱ አደረግን፤ ልብ በሉ፣ ለክንዱ እንጂ ለአንጓው አይደለም። አንጓ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ ሰው የሚወደው ስህተት ነው፣ መተላለፊያውን ከሥር ይጫነዋል። ዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ ክሊክ ሎክ የሚባል አለ፤ ያን ስታበሩት አንዴ ለአፍታ ተጭናችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ ጣት ሳትጫኑ መጎተት ይቻላል። ይህን አያውቅም ነበር፣ እኔም እሱን ስረዳ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። ፎቶ ሲቆርጥ የነበረው ጫና ግማሹ የቀነሰው በዚህች ይመስለኛል።

ብርዱን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የቀዘቀዘ ጣት ስሜቱ ስለሚቀንስ ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ጅማቱም ይደርቃል። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሻዩን በሁለት እጁ አቅፎ እንዲጠጣ፣ ጣቱ የተቆረጠ የሹራብ ጓንት እንዲያደርግ ነገርኩት። እናቱ ሠራችለት።

በሕክምናው በኩል ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት አሠርኩለት። ሌሊት የሚብሰው ስንተኛ አንጓችንን ስለምናጥፍ ነው፣ ስለዚህ ስፕሊንቱ በዋናነት የሌሊት ነው። ማሸቱን እንዲያቆም ለመንኩት። ወጌሻን እየናቅሁ አይደለም፣ ለወለምታ ስንቱን እንደረዱ አውቃለሁ፤ ያበጠ ጠባብ በር ላይ ግን ማሸት ጭንቁን ይጨምራል። ጌሙን ለስድስት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት አደረግነው። ከሁሉ የተከራከረኝ በዚህ ነው። ካልተሻለው መተላለፊያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ፣ ከዚያም ማሰሪያውን ቆርጦ ቦታ የሚሰጥ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ከጎደጎደ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናውም ሁሉን ላይመልስ ይችላል። ልጁን ስመረምር ያስፈራኝ እሱ ነበር።

እናንተም ሌሊት መደንዘዙ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጃችሁ የሚወድቅ ከሆነ፣ የግራና የቀኝ አውራ ጣታችሁን ሥር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስታዩ አንዱ ጎድጎድ ካለ ማውስ ፍለጋ አትውጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቤት ውስጥ የምትሞክሩት አለ፤ የሁለቱን እጆች ጀርባ አገናኝታችሁ ጣቶቻችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ሦስቱ ጣቶች ውርር ማለት ከጀመሩ ለሐኪማችሁ ንገሩት። ሕመሙ አውራ ጣት ሥር በአንጓው ጎን ወይም ክርን ላይ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።

ልጁን ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ሦስተኛ ወሩ። ሌሊት ይተኛል። ጠዋት ጠዋት የመሃል ጣቱ ጫፍ ትንሽ ትደነዝዛለች፣ የአውራ ጣቱ ጉልበት ግን ተመልሷል። ሥራውም አልሄደበትም። ያን ላባ ማውስ አሁን ለሥራ በግራ እጁ ነው የሚይዘው፤ መጀመሪያ ሳምንት ደንበኛው ሁሉ ሲስቅበት ነበር አለኝ።

«ለእህትህ ምን አልካት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማውሱ አዳነኝ ነው ያልኳት፣ ዶክተር። ምን ልበላት?»

እኔም ዝም አልኩ። ቀጣዩን ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጻፍኩለት።